ሽወዳ ይፈቀዳል፣ ውሸት ይከለከላል

ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ወርዶ አርባ ምንጭን ታክኮ ጫሞ ሐይቅ የሚገባበት አካባቢ «የአዞ ገበያ» ይባላል። ስሙን ብቻ ሰምቶ የሄደ እንግዳ አዞ በኪሎ ስንት እንደሚሸጥ ለመጠየቅ ይቃጣው ይሆናል። እዚያ ግን ሻጭም ገዢም የለም፤ ያሉት አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ የሚሞቁ አዞዎች ናቸው። ዋጋ የሚከፍል ቢገኝ እንኳ ጀልባዋን ከልክ በላይ ጠጋ ያስደረገ ደፋር ብቻ ነው። ታዲያ ስሙ ዋሸ እንዴ? አልዋሸም። ብዙ ፍጡር በየቀኑ እየተሰበሰበ እርስ በርሱ የሚተያይበት ቦታ ገበያ ቢባል ማን ይከሳል? «የእግዜር ድልድይ»ም እንዲሁ ነው። ድልድይ ሲባል ብረትና ሲሚንቶ የጠበቀ ሰው ከአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር ከሴቻ ቁልቁል ሲመለከት የሚያየው አባያንና ጫሞን የለየ ኮረብታማ መሬት ነው። ግን በሁለት ውሃ መካከል እግር ሳይረጥብ የሚያሻግር ነገር ድልድይ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? የሥራ ተቋራጩም ቢሆን በስሙ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። እነዚህ ስሞች ሰሚውን አሳስተው ወደ ሌላ መንገድ ይልኩታል፤ ዞሮ ሲመጣ ግን እውነቱን መጀመሪያውኑ ነግረውት እንደነበር ያገኛል። የዚህ ጽሑፍ ሙግትም ይኸው ነው፦ ሰውን በቃል መሸወድ ጥበብ የሚሆነው በመደበቁ አይደለም፤ መደበቅማ ማንም ይደብቃል። ጥበቡ ሳይዋሹ መደበቁ ላይ ነው። ይህን ችሎታ የሚያወዳድር መድረክ ይከፈት ቢባል ደግሞ ከኩልፎ ዳር የተሻለ ቦታ አይገኝለትም።

አግድምና ቁልቁል የሚሞላው የቃላት ጨዋታ ለጋዜጣ አንባቢ አዲስ አይደለም። ነገር ግን አብዛኛው ጥያቄ የማስታወስ ፈተና ነው፤ የእገሌ አገር ዋና ከተማ፣ የእገሌ ንጉሥ የፈረስ ስም። የሚያውቅ ይሞላል፤ የማያውቅ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ጎረቤትም ካላወቀ ጋዜጣው በርበሬ ይጠቀለልበታል። እንግሊዞች ያሳደጉት ሥውር ፍንጭ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ጨዋታው ራሱ የተጀመረው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ አርተር ዊን የተባለ ሊቨርፑል የተወለደ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 «ኒውዮርክ ወርልድ» ላይ የመጀመሪያውን አወጣ። ውቅያኖስ ተሻግሮ እንግሊዝ ሲገባ ግን ተንኮል ተማረ። ኤድዋርድ ፖዊስ ማዘርስ ከ1926 ጀምሮ «ኦብዘርቨር» በተባለው የእሑድ ጋዜጣ ላይ «ቶርኬማዳ» በሚል የብዕር ስም ፈቺዎቹን ሲያሠቃይ ኖረ፤ ስሙን የወሰደው ከታወቀው የስፔን የሃይማኖት መርማሪ ነው። በ1939 ሲሞት ዴሪክ ማክነት የሌላ መርማሪ ስም አንሥቶ «ዚመኒዝ» ተባለና ቦታውን ያዘ፤ ከ1972 ጀምሮ ደግሞ ጆናታን ክራውዘር ዴዛ የተባለውን መርማሪ ስም ከኋላ ወደ ፊት አንብቦ «ኤዜድ» ሆነ። ሦስት መርማሪ በተርታ! የሚገርመው ግን ከመካከላቸው ሕግ ያወጣው መካከለኛው መሆኑ ነው። ማክነት የላቲንና የግሪክ መምህር ነበር። የእሱ ወገኖች የሚከተሉት መመሪያ ባጭሩ ሲነገር፣ ፍንጭ ሁለት ነገር ብቻ ይዞ ይቀርባል፤ የመልሱን ትክክለኛ ፍቺና ቃሉ ከምን ከምን እንደተሠራ የሚጠቁም ሐቀኛ ምልክት። ከዚያ የተረፈ ቃል ካለ ይጣላል። ለውድድር ደግሞ አንድ ቃል ለሁሉም ይሰጣል፤ ተወዳዳሪው ሁሉ ለዚያ ቃል የራሱን ፍንጭ ጽፎ ይልካል፤ ዳኛው ያበጥራል።

ነገሩ በአማርኛ ምን እንደሚመስል ለማየት ጫሞን ራሱን እንውሰድ። «ሩጫ ሞክሮ ውስጡ ሐይቅ ሆነ (2 ፊደል)።» ላዩን ያነበበ ሰው ሆዱ የተሸነፈ ወይም ላብ ያጠመቀው ወፍራም ሰውዬ ይታየዋል። አሁን ሰውየውን እንርሳና ፊደሎቹን እንያቸው፦ «ሩጫ ሞክሮ» በሚለው ውስጥ ጫ እና ሞ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ «ውስጡ» የሚለው ቃል እዚያ ፈልግ ይላል፤ «ሐይቅ» የሚለው ደግሞ ፍቺው ነው። ምንም አልተደበቀም፤ ሁሉም ከዓይን ፊት ተቀምጧል። ለኩልፎም እንዲሁ ማበጀት ይቻላል፦ «ዓይን የሚያሳምረው፣ ጫፉ ከፈረሰ ፎቅ ጋር ወደ ጫሞ ይወርዳል (3 ፊደል)።» ኩል ሲደመር፣ የመጨረሻ ፊደሉ የተገነጠለ ፎቅ። የወንዙ ስም ከዚያ መጣ ማለት እንዳልሆነ የጋሞ አባቶች ይመስክሩ፤ ፍንጭ የቃል ታሪክ አይደለም። ሦስተኛው ምሳሌ ሕጉን በደንብ ያሳያል። «ለማ ተገልብጦ በእግዜር ስም ቃል ገባ (2 ፊደል)።» ለማ ሲገለበጥ ማለ ይሆናል፤ ተፈታ። ይህን የሚጽፍ ሰው ግን እጁን የሚበላው አንድ ፈተና አለ። «ለማ ጫሞ ላይ ተገልብጦ» ቢል እንዴት ያምራል! ጀልባው ይታያል፣ አዞው ይታያል፣ የስለቱ ዓይነት ሳይቀር ይታያል። ዳኛ ግን «ጫሞ ላይ» የሚለውን በቀይ ይሰርዘዋል፤ ምክንያቱም እነዚያ ሁለት ቃላት ለመልሱ ምንም አልሠሩም። ፈቺው ጫ እና ሞን የት ላግባ እያለ ሲንከራተት ያመሻል፤ ያመሸውም በጥበብ ተሸንፎ ሳይሆን በሐሰት ምስክር ተመርቶ ነው። ሽወዳና ውሸት የሚለያዩት በዚህች ድንበር ላይ ነው።

ይህ ድንበር ከእንግሊዝ የመጣልን አይደለም። ልጆች እንቆቅልሽ ሲጫወቱ ያቃተው ወገን አገር ይሰጣል። ጎንደርም ይሁን ሐረር ካርታና ይዞታ ሳይጠየቅ፣ የክልል ምክር ቤት ሳይሰበሰብ፣ በአንድ ቃል ይተላለፋል። ይህን ያህል ከፍሎ መልሱን የሰማ ልጅ «ይሄማ አይሆንም!» ካለ ጨዋታው ይፈርሳል፤ አገሩንም ይቀማል። ስለዚህ ጠያቂው መልሱ ሲነገር ሰጪው ግንባሩን የሚመታበት እንጂ የሚከራከርበት እንዳይሆን መጠንቀቅ አለበት። ቅኔ ቤትማ ሕጉ የበለጠ ይጠብቃል። ተማሪው ከሰው ርቆ ቅኔ ይቆጥራል፤ መጀመሪያ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ሦስት ቤት ያለውን ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እያደገ ሲሄድ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ የሚያዳምጠው ዜማውን ብቻ አይደለም፤ ሰሙ ከወርቁ ጋር በትክክል መግጠሙን ነው። የስያሜው ምንጭም ይኸው ነው፤ አንጥረኛ ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይፈሳል። ሰሙ የተጣመመ ከሆነ ወርቁም ተጣሞ ይወጣል። ልዩነት የለም ማለት ግን አይደለም። በቅኔ ሰሙም ወርቁም ተጠብቀው ይኖራሉ፤ ባለ ቅኔውን ሰሚው «ይበል!» የሚለው በሁለቱ ነው። በፍንጭ ግን መልሱ ከተገኘ በኋላ ወፍራሙ ሰውዬና ተገልባጩ ለማ ሥራቸውን ጨርሰው ይሰናበታሉ። ቢሆንም ጸሐፊውን የሚያስጨንቀው ጉዳይ አንድ ነው፤ ሁለት ንግግር በአንድ አፍ መናገርና ሁለቱንም እውነት ማድረግ።

ለዚህ ሥራ ደግሞ ፊደላችን ራሱ ግማሹን ተንኮል ሠርቶ ይጠብቀናል። አማርኛ ሲነገር የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ አለው፤ ሲጻፍ ግን ማጥበቂያ ምልክት የለውም። በንግግር ፈጽሞ የማይምታቱ ሁለት ቃላት ወረቀት ላይ መንትያ ይሆናሉ። «ጫሞ ውስጥ አዞ የሚከለክልህ፣ ቢሮ ስትገባ ከሥራ አስኪያጅ የሚቀድም (2 ፊደል)» ቢባል መልሱ ዋና ነው፤ ሲላላ የውሃው፣ ሲጠብቅ የማዕረጉ። ሁለተኛውን ፍንጭ ለማውጣት የዶርዜ ሸማኔዎች ይርዱን፦ «ሸማ የምትወስድለት ሰው ጠባብ አይደለም (2 ፊደል)።» በዘመናችን «ጠባብ» የሚለው ቃል ሲነሣ ጆሮ ወዲያው ወደ ፖለቲካ ይቆማል፤ ፈቺውም ማንን ለመንካት ተፈልጎ ነው እያለ ዙሪያውን ይቃኛል። መልሱ ግን ሰፊ ነው፤ ጨርቅ የሚሰፋው ሰውና ያልጠበበው ስፍራ፣ ሁለቱም በአንድ አጻጻፍ። ማንም አልተሰደበም፤ የተጋለጠው የፈቺው ጥርጣሬ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ጥቅም የሚያገኘው በፊደል አጻጻፉ መወላገድ ሲሆን፣ የእኛ ግን የሚገኘው ፊደላችን ድምፁን አንድ በአንድ እየጻፈ ይህቺን ነገር ግን ዝም በማለቱ ነው።

«ቆይ እንጂ፣» ይላል የመጀመሪያው ተቃዋሚ፣ «ፊደሉ ነው እኮ ይህን ጨዋታ ከመጀመሪያው የገደለው።» ሐቅ አለው። እንግሊዝኛ 26 ፊደል ይዞ ሲያቋርጥ አንዱ «ኤ» ለአሥር ቃል ያገለግላል። እኛ ግን 33 ፊደል በ7 ረድፍ፣ 231 ቅርጽ ይዘን ነው የምንገባው፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። አግድም የተጻፈው ቃል ጫ ካለው ቁልቁል የሚወርደውም ቃል ልክ ያቺኑ ጫ ይፈልጋል፤ ጨ ቢሆን አይሆንም፣ ጭ ቢሆን አይሆንም። በዚያ ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ ጸና ፀ አሉ፤ አንዱ ፈቺ በእሳቱ ሰ ሞልቶ አንዱ በንጉሡ ሠ ሲሞላ ሠንጠረዡ የፊደል ጉባኤ ሆኖ ያድራል። ይህ ሁሉ ግን ተቃውሞ የሚሆነው ሠንጠረዥ ለሚሠራ ሰው ነው። የፍንጭ ውድድር ሠንጠረዥ አያስፈልገውም። አንድ ቃል ይሰጣል፣ ለእሱ ፍንጭ ይጻፋል፣ አለቀ፤ የሚያቋርጠው ቃል ስለሌለ 231ም ሆነ 300 ቅርጽ ቢኖር የሚጎዳ የለም። እንዲያውም አብዛኛው ቃላችን በሁለት፣ በሦስትና በአራት ፊደል የሚያልቅ መሆኑ ይጠቅማል። ስድስት ፊደል ያለው የእንግሊዝኛ ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ ተሸሽጎ እንዲቀመጥ ብዙ ማግባባት ይጠይቃል፤ ጫሞ ግን ሩጫ ከሞክሮ ጎን ሲቆም ራሱ መጥቶ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ተቃዋሚ የበለጠ ይቆጣል። «አገሩ ሁሉ እንቆቅልሽ በሆነበት ዘመን ሌላ እንቆቅልሽ ምን ያደርጋል? ማስታወቂያውን አይተኸዋል?» አዎ፣ ማስታወቂያው ይታወቃል። «አገልግሎቱ በቅርብ ቀን ይጀመራል።» ቅርቡ ከየት ተነሥቶ ነው የሚለካው? «ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው።» የሚሄደው ወዴት ነው? «የሚመለከተውን አካል ያነጋግሩ።» ይህ አካል እጅና እግር ያለው መሆኑን ያየ ሰው የለም። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ ለሙግቱ ጠላት ሳይሆን ምስክር ነው። የቢሮ ቋንቋና ሥውር ፍንጭ የሚመሳሰሉት ሁለቱም ቶሎ የማይገቡ በመሆናቸው ብቻ ነው። ማስታወቂያው የተጻፈው መልስ እንዳይኖረው ነው፤ ሁለት ሰው ሁለት ነገር ተረድቶ ቢመጣ ሁለቱንም የሚመልስበት በር አለው። ፍንጭ ግን የተጻፈው አንድ መልስ እንዲኖረው ነው፤ ያውም መልሱ ሲገኝ ፈቺው ማንንም ሳይጠይቅ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥበት ሁለት መንገድ ይዞ። እንዲህ ያለውን ንባብ የለመደ ዜጋ ደግሞ ደብዳቤ ሲደርሰው እያንዳንዱ ቃል ምን እየሠራ እንደሆነ መመርመሩ አይቀርም። «በሂደት ላይ» የሚለው ሐረግ «ጫሞ ላይ» እንደሚለው ለመልሱ ምንም እንዳልሠራ ቶሎ ይነቃበታል። ይህ ልማድ ቢስፋፋ የሚጎዳ ወገን ይኖር ይሆናል፤ ባለ ጉዳዩ ግን አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ቀልድ አይፈልግም። ጋሞ ዞን የብዙ ቋንቋ ቤት ነው፤ በአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ገበያ ጋሞኛው፣ ወላይትኛው፣ ዘይስኛውና አማርኛው ሲገናኙ ይውላሉ። በአማርኛ ቃል የሚደረግ ውድድር እናቱ በአማርኛ ላላሳደገችው ሰው ፍትሐዊ ነውን? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቃልን ቆራርጦ መገጣጠም በዚህ አካባቢ የጨዋታ ብቻ ታሪክ የለውም። አርባ ምንጭ የሰሜን ኦሞ ዞን ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ስሞች መጀመሪያ በማጋጠም «ዎጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ ቋንቋ ተሰናዳ፤ በ1992 ዓ.ም. በወላይታ ሶዶ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ፊደል መግጠሙ ብቻውን ሰው እንደማያስማማ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ለውድድሩ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ተሳታፊው ያልተስማማበት ሕግ ሕግ አይደለም። ስለዚህ በየቋንቋው የተለየ ምድብ ይኑር፤ የጋሞኛው በላቲን ፊደሉ ይጻፍ፤ በአማርኛው ምድብ የጋሞኛ ቃል የሚጠቀም ሰው ይህንኑ በፍንጩ ውስጥ ይጠቁም። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ተወዳዳሪ ደግሞ ይጎዳል ብሎ ማዘን ያለ ቦታው ነው። አንዱን ድምፅ ሁለት ጊዜ ለመስማት የለመደ ጆሮ ያለው እሱ ነው። ዳኝነቱም ቢሆን ከሩቅ አይመጣም፤ ጋሞ ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ አደባባዩ ተቀምጦ ሰው ተራ በተራ እየተናገረ ነገር አጣርቶ የመጨረስ ሥርዓት አለው። አንድ ፍንጭ ሐቀኛ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ከዚህ የተሻለ ችሎት አያገኝም።

እንግዲህ ሕጉ አጭር ነው። ቃሉ ለሁሉም አንድ ይሁን፤ የፊደሉ ብዛት በቅንፍ ይጻፍ፤ ሀና ሐ እንደ አንድ ይቆጠሩ፤ ሥራ የሌለው ቃል ይሰረዝ፤ ዳኛው የጣለውን ለምን እንደጣለ በጽሑፍ ይንገር። ሽልማቱ የጫሞ ዓሣ ኮተሌት ቢሆን የሚከፋ አይኖርም። ሕጉ ግን የሚፈተነው መጥፎ ፍንጭ ሲመጣ አይደለም፤ በጣም ጥሩ ፍንጭ ሲመጣ ነው። ለምሳሌ የተሰጠው ቃል አዞ ነው እንበል፤ አንዱ ተወዳዳሪ እንዲህ ይጽፋል፦ «ምግብ ጠይቆ ሐይቅ ዳር የተጋደመ (2 ፊደል)።» ወዲያው የሚታየን በሎጅ ወንበር ላይ የተዘረጋ ቱሪስት ነው። ሲፈታ ግን አስተናጋጅ ጠርቶ ምሳውን አዞ፣ ሐይቅ ዳር የተጋደመውም አዞ። ትርፍ ቃል የለበትም፤ ያስቃል፤ ከቦታውም ይወለዳል። አዳራሹ «ይበል!» ሊል ነው። አንድ ዳኛ ግን እጁን ያነሣል፦ «አዘዘ» ከሚለው የሚወጣው በጥንቃቄ ሲጻፍ «አዝዞ» ነው፣ ሦስት ፊደል፤ አፋችን ስላጠበቀው ነው ሁለት የመሰለው። ከሳሹ ዳኛ ተንኮለኛ ይባል ይሆናል፤ በአንዲት «ዝ» ምክንያት እንዲህ ያለ ፍንጭ ይወድቃል ተብሎም ይታማል። ነገር ግን ሲላላና ሲጠብቅ ፊደሉ ራሱ የማይለወጠው ዋና ሌላ፣ ፊደል ተውጦበት የመጣው አዞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ይሸውዳል፤ ሁለተኛው በትንሹ ይዋሻል። ብዙ ሰው ቃሉን «አዞ» ብሎ ስለሚጽፈው ፍንጩ ከውድድር አይባረርም፤ ሦስተኛ ይውጣና ስሙ ይነበብ። አንደኛነቱን ልስጠው ብሎ የሚከራከር ዳኛ ካለ ግን ዓሣውን ከራሱ ኪስ ይጋብዘው።